የስዋን ኮሚቴ ራፖርና የበረቱ መድኃኒት

ለእርባታ እንስሳት ስለሚሰጠው አንቲባዮቲክ በየአገሩ መንግሥታት ያስጻፏቸው ራፖሮች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ሁሉ ይልቅ የተጠቀሰና የተመሰገነ ግን በእንግሊዝ አገር በ1968 ተሰብስቦ በኖቬምበር 1969 ውጤቱን ለፓርላማ ያቀረበው የስዋን ኮሚቴ ራፖር ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኮሚቴው ሊቀ መንበር የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ መሪ የነበሩት የሥነ እንስሳት ሊቅ ፕሮፌሰር ማይክል ስዋን ነበሩ። ራፖሩን ዛሬ አንሥተን የምንመረምረው ለታሪክ ካለን ፍቅር ብቻ አይደለም። መድኃኒት የለመዱ ባክቴርያዎች ከእርባታ ቦታዎች እንዲቀንሱ በሚታሰብበት አገር ሁሉ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ የዚሁ ራፖር መፍትሔ ነው፤ እርሱ ሲቀዳም ጉድለቱ አብሮ ይቀዳል።

ጉድለቱ ምንድን ነው ለሚለን አንባቢ በአጭሩ ይህን እንመልሳለን። ራፖሩ መድኃኒቶቹን በስም ለይቶ በሁለት ወገን አቆማቸው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ በረት ስንት መድኃኒት እንደሚገባ የሚቆጥር ሰው አላቆመም፤ ክብደቱንም በረቱ ራሱ በሚሻሻልበት ነገር ላይ አልጣለም።

ነገሩ የጀመረው በዶሮ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በሌደርሌ ኩባንያ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ ለጫጩት መኖ የሚሆን ቫይታሚን ቢ12 ይፈልጉ ነበር። ኦሪዮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ተጠምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አተላ ከመኖው ጋር ቢቀላቅሉት ጫጩቶቹ ከተጠበቀው በላይ ፈጥነው አደጉ። ምክንያቱም ቫይታሚኑ ብቻ ሳይሆን በአተላው ውስጥ የቀረው አንቲባዮቲክ ጭምር ሆኖ ተገኘ። ይህ በ1950 ሲገለጥ የመኖ ነጋዴዎች ደስታ ወሰን አልነበረውም። እንግሊዝ አገርም በ1953 ባወጣችው ሕግ ፔኒሲሊንና ክሎርቴትራሳይክሊን ያለ ሐኪም ማዘዣ በዐሣማና በዶሮ መኖ እንዲገቡ ፈቀደች።

በመኖ የሚሰጠው መጠን በሽታን ለማዳን የሚበቃ አይደለም። ጥቂቱ መድኃኒት ደካማውን ባክቴርያ ይገድልና ጠንካራውን ያተርፋል፤ የተረፈውም ያለ ተፎካካሪ ይራባል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር በሰው ሕክምና ስለዚሁ አደጋ አስጠንቅቀው ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ በ1959 በጃፓን ታወቀ። የጃፓን ሊቃውንት አንድ ባክቴርያ ያገኘውን መድኃኒት የመቋቋም ኃይል ለገዛ ልጆቹ ማውረስ ብቻ ሳይሆን ዘሩ ላልሆነው ጎረቤቱም ሊያካፍል እንደሚችል አሳዩ። እንግዲህ በዐሣማ አንጀት ውስጥ ያለ፣ ማንንም የማያሳምም ባክቴርያ፣ ለሰው ጠላት ለሆነው መሣሪያ ሊያቀብል ይችላል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ዶክተር ኢ. ኤስ. አንደርሰን በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በነጋዴ እጅ ከየቦታው እየተሰበሰቡ በጠባብ ቤት በሚያድጉ ጥጆች ላይ የተነሣውን የሳልሞኔላ በሽታ ተከታትለው፣ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የለመደው ዘር ወደ ሰው መተላለፉን አስረዱ። ቀጥሎ በ1967 መጨረሻ በቲሳይድ አውራጃ መድኃኒት ባልበገረው የተቅማጥ በሽታ ሕፃናት ሞቱ። በሽታው ከእንስሳት ለመምጣቱ ማስረጃ ባይገኝም የሕዝቡ ድምፅ በረታ፤ ኮሚቴውም በዚህ መካከል ተሰበሰበ።

የኮሚቴው ዋና ምክር እንዲህ ነበር። አንቲባዮቲኮች ሁሉ የመኖና የሕክምና ተብለው ይለዩ። ያለ ሐኪም ማዘዣ በመኖ መግባት የሚችሉት ሦስት ነገር የሚያሟሉት ብቻ ይሁኑ፤ ይኸውም ለአርቢው እውነተኛ የገንዘብ ጥቅም የሚሰጡ፣ ለሰውም ሆነ ለእንስሳት ሕክምና እምብዛም የማያገለግሉ፣ ባክቴርያንም በማስለመድ የሌላውን የሕክምና መድኃኒት ኃይል የማያደክሙ። በዚህ ሚዛን ፔኒሲሊንና የቴትራሳይክሊን ወገኖች ከነጻ መኖ ወጡ፤ ምክሩም በ1971 በሥራ ላይ ዋለ። በተጨማሪ የሰውንም የእንስሳትንም አንቲባዮቲክ አንድ ላይ የሚመለከት ቋሚ ኮሚቴ እንዲቆም ተመክሮ ነበር።

የሚመሰገነውን እናመስግን። ኮሚቴው እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከየትኛው ጥጃ ሕመሙን እንዳገኘ በስም እስኪቆጠርለት አልጠበቀም። የጃፓኑን ግኝት ትርጉም ተረድቶ፣ አደጋው ሳይገፋ መፍረድ እንደሚገባ ተናገረ። በዚያ ዘመን የመኖና የመድኃኒት ኩባንያዎች ክርክር ቀላል አልነበረም፤ አሜሪካም እንዲህ ያለውን እርምጃ ለመውሰድ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል። ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን አንቲባዮቲኮች ለእድገት ማፋጠኛ መጠቀም በዚያ አገር የቀረው በጃንዋሪ 2017 ነው።

ሆኖም ሚዛኑ ሲመዝን የታየው ሌላ ነው። አቮፓርሲን የሚባለው መድኃኒት ለሰው ስለማይሰጥ፣ በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገርም ሆነ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የመኖ ወገን ሆኖ ተፈቀደ። ይህ አቮፓርሲን ግን የቫንኮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። ቫንኮማይሲንም ሌላው መድኃኒት ሁሉ ሲያቅት በሆስፒታል የሚቀመጥ የመጨረሻ ተስፋ ነው። አንዱን የለመደ ባክቴርያ ሌላውንም ይለምዳል። ቫንኮማይሲን የለመዱት ኢንትሮኮከስ የተባሉት ባክቴርያዎች በ1988 ከለንደንና ከፈረንሳይ ሆስፒታሎች ተነገሩ፤ በ1993 ደግሞ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እነዚሁን በእርባታ እንስሳት ላይ አገኙ። አንባቢ የነገሩን መጠን እንዲያየው የዴንማርክን ቍጥር እንጥቀስ። በ1994 በዚያ አገር ለሰው ሕክምና የዋለው ቫንኮማይሲን 24 ኪሎ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በእንስሳት መኖ የገባው አቮፓርሲን 24,000 ኪሎ ነበር። አንድ ሐኪም አንዲቱን ብልቃጥ በሆስፒታል ቆልፎ ሲጠብቅ፣ ዘመዷ በአካፋ ይዛቅ ነበር ማለት ነው።

ዴንማርክ በ1995 አቮፓርሲንን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ1997 ተከተለ። በዴንማርክ ለሥጋ በሚያድጉ ዶሮዎች ላይ፣ ቫንኮማይሲን የለመደው ኢንትሮኮከስ በ1995 ከመቶ 70 በላይ የነበረው በ2000 ወደ ከመቶ 6 ያህል ወረደ። ይህ ለሚያጠራጥር ሰው ታላቅ ማስረጃ ነው፤ መድኃኒቱ ሲነሣ ልማዱ ይቀንሳልና። በዐሣማዎቹ ላይ ግን ልማዱ ተጣብቆ ቀረ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ለቫንኮማይሲንና ለሌላው የመኖ መድኃኒት ለታይሎሲን የመቋቋምን ኃይል የሚሰጡት ዘረ መሎች በባክቴርያው ውስጥ በአንድ ገመድ ታስረው ተገኙ። አንዱን ብቻ ብትከለክል ሌላው ሁለቱንም ጎትቶ ያቆያል። የታይሎሲን አገልግሎት በ1998 ግድም ሲቀንስ ነው በዐሣማዎቹም ላይ መውረድ የጀመረው። እያንዳንዱን መድኃኒት ለብቻው ቆሞ የሚያይ መዝገብ እንዲህ ያለውን ዝምድና ከየት ያየዋል?

በኮሊስቲን የሆነውም ይህንኑ ያጠነክራል። ኮሊስቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ትተውት ነበር። እንግዲህ በስዋን ሁለተኛ ሚዛን «ለሰው እምብዛም የማያገለግል» ሊባል የሚችል ነበር፤ በብዙ አገሮችም ለዐሣማና ለዶሮ በብዛት ተሰጠ። ኋላ ሌሎቹ መድኃኒቶች ሲደክሙ ሐኪሞች ሳይወዱ በግድ ወደ እርሱ ተመለሱ፤ እነሆም በ2015 መጨረሻ የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚቋቋምና ከባክቴርያ ወደ ባክቴርያ የሚዘዋወር ዘረ መል በዐሣማዎች፣ በሥጋና በሕመምተኞች ላይ ማግኘታቸውን ገለጡ። ቻይና በ2017 ለእድገት ማፋጠኛ መሆኑን ከለከለች። ዛሬ ለሰው የማይጠቅመው ነገ የሚያስፈልግ ሊሆን ስለሚችል፣ የሰውን ጥቅም በአንድ ዓመት መዝገብ መወሰን የማይሆን ነገር ነው።

ይህን ስንል ከትምህርት ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «የኋለኛውን አውቃችሁ የፊተኛውን ትወቅሳላችሁ» ብለው ይከራከሩናል። ክርክሩ ፍሬ አለው፤ አቮፓርሲን በ1969 በስዋን ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ቫንኮማይሲን ግን ከ1958 ጀምሮ በሐኪሞች እጅ ነበረ፤ የዘመድ መድኃኒቶች ልማድ እንደሚጋራም ይታወቅ ነበር። ደግሞም ሦስተኛው ሚዛን በትክክል ቢሠራበት አቮፓርሲንን ሊያስቀር ይገባው ነበር። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ በቃሉ ውስጥ ሳይሆን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው በመጥፋቱ ነው። በምክሩ መሠረት የቆመው የጋራ ኮሚቴ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ ሁለቱ መደቦች ግን በሕግ ውስጥ ቀሩ። መዝገብ ያረጃል፤ የሚያድሰው ከሌለ ደግሞ በስሙ ሌላ ሥራ ይሠራበታል።

ወደ ሁለተኛው ጉድለት እንለፍ፤ እርሱም የማዘዣው በር ነው። ቴትራሳይክሊን ከነጻ መኖ ወጣ ሲባል ከእርባታው ወጣ ማለት አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ወረቀት እስከ ጻፈ ድረስ፣ ለአንድ የታመመ ዐሣማ ሳይሆን ለመንጋው ሁሉ፣ ያውም ገና ላልታመመው፣ በመኖና በውኃ ሊሰጥ ይችል ነበር። ይህ በር ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረችን ሆላንድ ናት። እድገት ለማፋጠን በመኖ የሚገባው አንቲባዮቲክ በዚያ አገር እየቀነሰ ሲሄድ «ለሕክምና» ተብሎ የሚሸጠው በዚያው ልክ ወጣ። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ የእድገት ማፋጠኛዎችን በሙሉ ሲከለክል፣ የሆላንድ በረቶች የሚወስዱት ጠቅላላ መጠን ከቀድሞው የተሻለ አልነበረም። ስሙ ተለውጦ ዕቃው ቀረ። ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ከሚሸጥበት ትርፍ የሚያገኝ ሲሆን ደግሞ፣ ጠባቂውና ነጋዴው አንድ ሰው ናቸው።

በመጨረሻ የሠራው ነገር አሰልቺ ነው፤ ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል በንግግር አዳራሾች እምብዛም የማይነሣው። እርሱም መቍጠር ነው። ዴንማርክ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞች ከመድኃኒት ሽያጭ የሚያገኙትን ትርፍ በሕግ አጠበበች፤ በ2000 ማዘዣዎችን ሁሉ በየእርባታው የሚመዘግብ ማእከል አቋቋመች፤ በ2010 ደግሞ ከተወሰነው በላይ ለሚጠቀም ዐሣማ አርቢ «ቢጫ ካርድ» እንዲሰጠው ደነገገች። ካርዱ ከእግር ኳስ ሜዳ የተወሰደ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የናቀ አርቢ ብርቱ ቁጥጥር በገዛ ወጪው ይደረግበታል። ሆላንድም መንግሥትና አርቢዎች ተስማምተው እያንዳንዱን እርባታ ከጓደኞቹ፣ እያንዳንዱንም ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሚያስተያይ ድርጅት በ2010 አቆመች። በ2009 ከነበረው ሽያጭ በ2015 ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በዚህ ጊዜ የሆላንድ የእርባታ ሥራ አልጠፋም። አርቢው ከጎረቤቱ እጥፍ መድኃኒት እንደሚያፈስ በቍጥር ሲያይ፣ ወይ ያፍራል ወይ ይቀጣል፤ ሁለቱም ጠቅመዋል። የስዋን አገር እንግሊዝም ከ2014 ወዲህ በየእርባታው ዘርፍ የቅነሳ ግብ አውጥታ ሽያጩን ከግማሽ በላይ ያወረደችው፣ ከራፖሩ በኋላ አርባ አምስት ዓመት ቆይታ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የበረቱ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ከስዋን አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1965፣ የብራምቤል ኮሚቴ በጠባብ ቤት ስለሚረቡ እንስሳት አኗኗር ሌላ ራፖር አውጥቶ ነበር። ያ ራፖር እንስሳው ለመቆም፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ገላውን ለማጽዳትና እግሮቹን ለመዘርጋት የሚበቃ ቦታ ሊኖረው ይገባል ይላል። ሁለቱን ራፖሮች ጎን ለጎን ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። አንዱ በረቱን ያያል፤ ሌላው መድኃኒቱን ያያል፤ በረቱ መድኃኒቱን እንደሚጠራው ግን ከሁለቱ አንዱ እንኳ የሥራው ዋና ነገር አላደረገውም። መንግሥትም አንዱን ለእንስሳት ርኅራኄ፣ ሌላውን ለሕዝብ ጤና ብሎ በየሣጥኑ አስቀመጣቸው።

ስዊድን ይህን በሥራ ተማረችው። በ1986 በአርቢዎቹ በራሳቸው ጥያቄ የእድገት ማፋጠኛዎችን ሁሉ ከለከለች፤ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር እርሷ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጡት የጣሉ ግልገል ዐሣማዎች በተቅማጥ ተቸገሩ፤ በሕክምና ስም የሚሰጠውም መድኃኒት ጨመረ። መፍትሔው የተገኘው ከፋርማሲ አይደለም። ጡት የሚጥሉበትን ዕድሜ አዘገዩ፣ ቦታ አሰፉ፣ ገለባ አነጠፉ፣ በመኖው ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ቀነሱ፣ አንዱ መንጋ ከወጣ በኋላ ቤቱን አጽድተው ሌላውን አስገቡ። ዴንማርክም ከ1998 እስከ 2000 የእድገት ማፋጠኛዎችን ስትተው ይኸው የግልገሎች ተቅማጥ ገጥሟታል። ገና በጣም ሕፃን ሆኖ ከእናቱ የሚለይ ግልገል አንጀቱ አልጠናም፤ መድኃኒቱ የሚሸፍነው ይህን ጥድፊያ ነው። እንግዲህ አንቲባዮቲኩ የመኖ ይባል የሕክምና ይባል፣ በእውነቱ የሚታከመው የአርቢው የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ይህን ሁሉ ወደ አገራችን ስናመጣው መጠንቀቅ ይገባናል። በሜዳ የሚሰማራው ከብታችን እንደ አውሮፓ ዐሣማ ከመኖው ጋር አንቲባዮቲክ አይበላም፤ ስለዚህም አንዳንድ ጓደኞቻችን ጉዳዩ የሀብታሞች ጣጣ ነው ይላሉ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዙሪያና በቢሾፍቱ ያሉትን የዶሮና የወተት ላም እርባታዎች ያየ ሰው እንዲህ አይልም። በእነዚህ ቦታዎች የሚያድገው ዶሮ የሜዳ ዶሮ አይደለም፤ ኦክሲቴትራሳይክሊንም ከመኖው ከረጢት አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። በየመንደሩም ፈንግል በዶሮ ላይ ሲገባ ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ በውኃ መበጥበጥ የተለመደ ነው። ፈንግል ከቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ መድኃኒቱ ዶሮዋን አያድናትም፤ በሆዷ ያሉትን ባክቴርያዎች ግን ያስለምዳል። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይሠራል። ክትባቱ ከቀዝቃዛ ሣጥን ጋር ወደ መንደር ካልደረሰ ግን፣ በአቅራቢያው ሱቅ የሚገኘው እንክብል ያሸንፋል።

በ2011 የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 ወጥቷል። መድኃኒቱ በፈቃድና በቁጥጥር እንዲያዝ ማድረጉን እንደግፋለን። የምንፈራው የስዋንን ግማሽ ብቻ እንዳንቀዳ ነው። «ያለ ማዘዣ አይሸጥ» የሚለው ቃል ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም በቅርብ መኖሩን አስቀድሞ ያምናል። በቦረና ወይም በአፋር ላሙ በሳንባ በሽታ የተያዘችበት አርብቶ አደር ሐኪም እስኪያገኝ ብዙ ቀን ቢጓዝ፣ ወይ ላሙ ትሞታለች ወይ ሕጉ ይጣሳል። ለእርሱ አንድ መርፌ መከልከል የባክቴርያውን ልማድ እምብዛም አይቀንስም፤ ቤተ ሰቡን ግን ወተት ይነሣል። በአንጻሩ አምስት ሺሕ ጫጩት በአንድ ቤት የያዘ አርቢ ማዘዣ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም፤ ስለዚህ ወረቀቱ የሚያግደው ድኻውን ነው፤ መድኃኒቱ የሚበዛው ግን ከባለጸጋው ዘንድ ነው። በአንድ ሕግ ሁለቱን መግዛት የስዋንን ስሕተት መድገም ይመስለናል፤ እርሱም ስሙን አይቶ አጠቃቀሙን አላየምና።

የወተቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ጡቷ አብጦ በመርፌ የታከመች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት እንዳይጠጣ ያስፈልጋል። ለባለ አንድ ላም ሴት ግን ያንን ወተት መድፋት የሳምንት ገቢን መድፋት ነው። መምህራኖቻችን ይህን በክፍል ሲያስተምሩ የቀኑን ቍጥር በትክክል ይነግሩናል፤ የሴትዮዋን ኪሣራ ማን እንደሚሸከም ግን በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ አላገኘነውም። ለወተት ማኅበራት የሚሆን አንዳች የካሣ መንገድ ካልታሰበ፣ ደንቡ በወረቀት ይኖራል፤ ወተቱም በገበያ።

ስለዚህ በሥራ ይጀመር ብለን የምናቀርበው ከትልቁ ጫፍ ነው። ብዙ ዶሮና ብዙ የወተት ላም የያዙት እርባታዎች አስቀድመው ይቈጠሩ፤ አርብቶ አደሩና ባለ አምስት ዶሮዋ እናት ሐኪምና ክትባት እስኪደርሳቸው ይቆዩ። ለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ብቻ መጠበቅ አያስፈልግም። በቢሾፍቱ ያሉት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ እናያለን፤ አብዛኞቹም ባክቴርያውን በላቦራቶሪ አብቅለው የትኛውን መድኃኒት እንደ ለመደ ይጽፋሉ። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ግን የውጤቱ ቍጥር እንጂ የምክንያቱ ቍጥር አይደለም። አንድ ክፍል ተማሪ ዐሥር የዶሮ ቤቶችን ተከፋፍሎ አንድ ዓመት ቢመዘግብ፣ በዚህ መጽሔት የምናትመው ሠንጠረዥ ዐምዶቹ ጥቂት ይሆናሉ፦ ከአንድ ቀን ጫጩት ጀምሮ እስከ ሽያጭ ቀን ለአንድ ሺሕ ዶሮ ስንት ግራም አንቲባዮቲክ ገባ፣ የትኛው፣ ለየትኛው በሽታ ተብሎ፣ በማን ቃል፣ ከዚያ በፊትስ ክትባቱ ተሰጥቶ ነበር ወይስ አልነበረም።